«ሰው አክባሪ ነበሩ» ብቻ አይበቃም፦ የአያቴን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደጻፍነው

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁሉ አንድ ሰው የሚጽፈው ነው የሚመስለው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ትዳር መሠረቱ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።» ስሙን ብትቀይሩት ለሚቀጥለው ቀብር ይሆናል። ውሸት የለበትም። ሰውየዋ ግን የለችበትም።

እማማ ስታርፍ ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ከልጅ ልጆቿ መካከል ላፕቶፕ ይዤ የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ያን ሌሊት ከአክስቶቼ ጋር ቁጭ ብለን አጭሩን ጻፍን። ለአርባዋ ደግሞ አስፋፍተን በደብተር አዘጋጀነው። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። እናት ወይም አያት በቅርቡ ያረፈችባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል። በሕይወት ያለችላችሁ ደግሞ የበለጠ።

ቤት ውስጥ «አንቺ» ስለምንላት እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ። እማማ የመንዝ ልጅ ናት። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተወለደች፤ ወደ ባሶና ወራና ተዳረች፤ ልጆቿን እዚያው ገጠር አሳደገች። ካረጀች በኋላ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ አክስቴ ቤት ገባች። ያረፈችው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን።

በመጀመሪያ የቸገረን የትውልድ ዘመኗ አልነበረም፤ የክርስትና ስሟ ነበር። ካህኑ መጥተው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉ ልጆቿ እርስ በርስ ተያዩ። ፍትሐት የሚደረገው ሰፈር በሚጠራን ስም አይደለም። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ስሟ የሚነሳው በክርስትና ስሟ ነው። ትልቁ አጎቴ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ የእናቱን የክርስትና ስም አያውቅም። በመጨረሻ ያወቀችው ያስታመመቻት አክስቴ ናት። «ወለተ ማርያም» አለች ከጓዳ ሆና፣ ድስት እያማሰለች። እማማ ስትቆርብ ሰምታው ነው እንጂ ማንም ነግሯት አይደለም።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት ይህችን አድርጉ። የእናትና የአባታችሁን የክርስትና ስም ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የነፍስ አባታቸውንም ስልክ ያዙ። የት መቀበር እንደሚፈልጉ እነሱ ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጉ። የእማማ ነፍስ አባት ባይነግሩን ኖሮ ከተማ ልንቀብራት ነበር። እሷ ግን ገጠር፣ ባሏ አጠገብ ማረፍ እንደምትፈልግ ቀድማ ተናግራለች። ሁለት እድር ካለ ደግሞ ለሁለቱም ወዲያው ንገሩ። የከተማው እድር ድንኳንና ወንበሩን አመጣ፤ መቃብር የቆፈሩት የገጠሩ እድርተኞች ናቸው፣ የገብስ አጨዳቸውን ትተው።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። የትውልድ ዘመን ላይ ሦስት መልስ ነበረን። መታወቂያዋ አንድ ነገር ይላል፤ አጎቴ «ዘጠና አልፏታል» ይላል፤ አክስቴ «ሰማንያዋን ከያዘች ቆይታለች» ትላለች። የመታወቂያው ዕድሜ፣ እንደምታውቁት፣ ጸሐፊው ፊቷን አይቶ የገመተው ነው። እኛ የያዝነው ሌላ መንገድ ነው። እማማ ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበር፦ «እናቴ እኔን የወለደችኝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ባለቁ በዓመቱ ነው።» ግራዚያኒ መነኮሳቱን ያስፈጀው በግንቦት 1929 ነው። ስለዚህ 1930 አካባቢ ማለት ነው። ሌላም ማረጋገጫ አገኘን። ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሡ ግርግር ሲሞቱ፣ ማለትም በ1953፣ ሦስተኛ ልጇን ታጠባ ነበር። አርበኞችን የመሩ ሰው ስለነበሩ አገሩ ሁሉ ሲያለቅስ እሷም ልጁን አዝላ ለቅሶ መሄዷን ትናገር ነበር። ሦስተኛው ልጅ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሒሳቡ ገጠመ።

የገጠር እናትን «ስንት ዓመትሽ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትስቅባችኋለች። «ጃንሆይ ሲወርዱ ስንተኛ ልጅሽን ታጠቢ ነበር?» በሏት። ወዲያው ትመልሳለች። ማይጨው 1928፣ ጣልያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ ጃንሆይ የወረዱበትና የመሬት አዋጁ የታወጀበት 1967፣ መሠረተ ትምህርት 1971፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀበት 1983። እነዚህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ብትቀመጡ የብዙ ሰው ዕድሜ ይወጣል። ጋብቻ፣ የልጅ ልደት፣ የቤት ግንባታ፣ የሰው ሞት፣ ሁሉም ከአንዳቸው ጎን ይሰለፋል።

ቀጥሎ «ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ» የሚለው ጋ ደረስን። እማማ የተዳረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ ይህ ሐረግ አይዋጥልኝም፤ ልጅነትን ይደብቃል። እሷ ራሷ አትደብቀውም ነበር። በበቅሎ ጭነው ሲወስዷት ጓሳን ስታቋርጥ ያየችውን ስትነግረን ትስቅ ነበር። ጓሳ ብርዳም ሜዳ ነው፤ ሣሩ እንጂ ቤት አይታይበትም። «ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል። ወርጄ እነሱ ጋ ልሂድ ብዬ አሰብኩ» ትል ነበር። ስለዚህ «በአሥራ አራት ዓመታቸው ተድረው ጓሳን በበቅሎ አቋርጠው መጡ» ብለን ጻፍን። አንድ ዘመድ «ይሄ ምን ያስፈልጋል?» አለ። ቀብር ላይ ሲነበብ ግን ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ባልቴቶች አንገታቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። እነሱም በበቅሎ ነው የመጡት።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብን የሚስትነቷ ነገር ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ለባለቤታቸው ታማኝና ታዛዥ ሚስት ነበሩ» ይላል። ያንን ሲሰማ የሚያውቃት ሁሉ ይስቃል። እማማና ታዛዥነት አይተዋወቁም። አባባ ደግሞ በልጅነቱ ቤተ ክህነት ተምሮ ያቋረጠ፣ ቁጡ፣ ሁሉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። ጠብ አያጡም። ከአምስተኛው ልጅ በኋላ አብረው ቆረቡ። በቁርባን የተጋባ እንደማይፋታ ታውቃላችሁ። «ማምለጫ እንዳይኖረኝ በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ» እያለች ትቀልድበት ነበር፣ እሱ ባለበት።

ከዚያ የአባባ ዓይን ፈዘዘ። ቆይቶም ጨርሶ ጠፋ። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ክረምት ክረምት እነሱ ጋ ስለምንሄድ። እሁድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አንድ በትር ለሁለት ይይዛሉ። እሷ ከፊት ጫፉን ይዛ፣ እሱ ከኋላ። ዝም ብላ አትመራውም። መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ትነግረዋለች። «ይሄ የታችኛው ሰውዬ ገብስ ቢጫ ሆኗል። ባቄላውን ግን ውርጭ መትቶታል። እዚህ ጋ አጥር ፈርሷል፣ ነገ ልጁን ላክ።» እሱ ቆም ብሎ አንድ ዘለላ አምጪልኝ ይላል። በጣቱ ፈልፍሎ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ «ገና ነው፣ አትጨዱ» ይላል። እርሻውን ያስተዳደረው እንደዚያ ነው፣ እስኪሞት ድረስ። እሷ ባየችው፣ እሱ በወሰነው።

ማታ ደግሞ ዳዊት ነው። እማማ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አርባ ዓመት ሲያልፋት፣ የልጅ ልጅ በሚያህል ተማሪ እጅ። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ብዙዎቹ የምስክር ወረቀቱን ሲያገኙ ደብተሩን ተዉት። እሷ አልተወችውም። የአባባ ዓይን ሲጠፋ ኩራዙን አስጠግታ የአማርኛውን ዳዊት ፊደል በፊደል ታነብለት ጀመር። እሱ ግእዙን በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በየመስመሩ ያርማታል። «እንደሱ አይልም!» ይላል ከመደብ ላይ። «አማርኛው እንደዚህ ነው የሚለው!» ትላለች። «አማርኛው ተሳስቷል!» «እንግዲያው ራስህ አንብበው!» ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ፣ እሷም ትቀጥላለች። ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን ውዳሴ ማርያም ሳያደርሱ አይተኙም። እኛ ልጆቹ እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ጭቅጭቅ መሃል ነው።

እንግዲህ «ታማኝና ታዛዥ» የሚለውን አጥፍተን በትሩንና ዳዊቱን ጻፍን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀው። እኔ ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ያዝኩ ቢባል ይሄ ነው፦ ቅጽል ሲመጣባችሁ «ምን ስታደርግ አይተሃት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ካለ መልሱን ጻፉ። ከሌለ ቅጽሉንም ተዉት።

የልጆቹ ቁጥር ላይ ጠብ ተነሳ። አጎቴ «የስድስት ልጆች እናት» በል አለኝ። አክስቴ «ዘጠኝ ነው የወለደችው» አለች። ሁለቱ በአንድ ክረምት በኩፍኝ ሄደዋል። አንዷ ደግሞ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ። አጎቴ ክፋት የለውም፤ «የሞተ ልጅ አይቆጠርም፣ ቁስል መቀስቀስ ነው» የሚል የቆየ ሐሳብ ነው ያለው። የፈረዱልን የእማማ ማኅበርተኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው። የማርያምን ጽዋ አብረው ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። «እሷ በየጸሎቷ ሦስቱንም ስትጠራ ነው የኖረችው። ስም ያላገኘችውን 'ያቺን ልጄን' ትላታለች። እናንተ ለምን ታጎድሉባታላችሁ?» አሉ። ዘጠኝ ብለን ጻፍን። የሁለቱን ስም አስገባን። ለሦስተኛዋም «ክርስትና ሳትነሳ ያረፈች ሴት ልጅ» አልን። የሚገርመው፣ ሲነበብ አምርሮ ያለቀሰው አጎቴ ነው። ከሞቱት አንዱ ተከታዩ ነበር፤ አብረው ጥጃ ይጠብቁ ነበር።

ሌላው ክርክር ስለ አረቄ ነው። እማማ እናቴንና ታናናሾቿን ደብረ ብርሃን ያስተማረችው አረቄ አውጥታ እየሸጠች ነው። በጋ በጋ ደግሞ የበግ ፀጉር በእንዝርት ትፈትላለች። በፈተለችው ዝተት እያሠራች ቅዳሜ ገበያ ታወጣዋለች። ይህን እጅ ከመንዝ ይዛው ነው የመጣችው። ስለ ፀጉሩ ማንም አልተቃወመም። አረቄው ግን «ቆራቢ ሴት ናት፣ ነውር ነው» ተባለ። «በንግድ ሥራ ተሰማርተው» በል ያለኝም አለ! አስመጪና ላኪ አስመሰላት። እኔ ጭስ የጠጣ ዓይኗን አስታውሳለሁ። ኩበት ታነዳለች፤ ጋኑ ሥር ተቀምጣ ሌሊቱን ታነጋለች። ጧት ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን ትደርሳለች። ለነፍስ አባቷ ደውለን ጠየቅን። «ልጅ ያሳደገችበትን ላብ ለምን ትደብቃላችሁ?» አሉ። «አረቄ አውጥተው፣ ፀጉር ፈትለው ልጆቻቸውን አስተማሩ» ተብሎ ተነበበ።

ስለ አያትነቷ ብዙ አልጻፍንም፤ ሃያ ምናምን የልጅ ልጅ ሁሉ የየራሱን ያስገባ ቢባል አያልቅም። እኔ የራሴን እዚህ ላስገባ። ከቅዳሴ ስትመለስ የነጠላዋን ጫፍ ትፈታለች። ውስጡ መክፈልት አለ፣ እንደ አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ። ስንት ልጅ ካለ ለዚያ ሁሉ ትቆረሳለች። የሌለ ልጅ ድርሻም ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ሳል አልተወኝም ብሎ ሸንኮራ ዮሐንስ ወሰደችኝ። ጸበሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ጮህኩ። ከዚያ ስንመለስ ደግሞ ጤና ጣቢያ አስገባችኝ። እናቴ ስትስቅባት «ጸበሉም የእግዚአብሔር፣ ኪኒኑም የእግዚአብሔር። ምን ያጣላቸዋል?» አለች።

ለራሷ ሲሆን ግን ይህን ረሳችው። የደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞላት ሁዳዴ ሲገባ አልውጥም አለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም። አክስቴ ለመነች፣ ሐኪሙ ተቆጣ፣ አልሰማችም። የሰማችው የነፍስ አባቷን ነው። መጡና «መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውጫለሽ፤ ይህ ከእኔ የተሰጠ ትእዛዝ ነው» አሏት። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል የነፍስ አባት ሥልጣን ነው። በማግሥቱ ራሷ «ኪኒኔን አምጡ» ማለት ጀመረች። አጥባቂ እናት ያላችሁ ይህን አትርሱ። ከእሷ ጋር ከምትጨቃጨቁ ወደ ካህኑ ደውሉ።

ቅድስት አድርገን ልንስላት አልፈለግንም። አክስቴን፣ ያቺን ያስታመመቻትን፣ ለሠርጓ አልሄደችላትም ነበር። ልጁ አልተዋጠላትም። ከዚያም ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም። የነፍስ አባቷ «ሳትታረቂ አትቆርቢም» ብለው ነው ያስታረቋቸው፣ በፋሲካ ዋዜማ። በመጨረሻ ማታ ማታ እግሯን በሞቀ ውኃ የሚያጥብላት ያ ያልተቀበለችው አማች ነው። ይህ ቀብር ላይ አልተነበበም። ለአርባው ባዘጋጀነው ደብተር ላይ ግን ገብቷል፤ አክስቴና ባሏ ፈቅደው። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ሁለት ጽሑፍ ይኑራችሁ። አንዱ ለሕዝብ፣ አንዱ ለቤተሰብ። ሁሉን በአንዱ ለመጨረስ ከሞከራችሁ ወይ ሰው ታሳፍራላችሁ ወይ ባዶ ወረቀት ታነባላችሁ።

ወሬውን ከየት እንዳገኘነው ልንገራችሁ። ልጆቿ ከገመትኩት በታች ነው የሚያውቁት። ልጅ እናቱን የሚያውቃት ከእሱ ጋር የነበረችበትን ሰዓት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ማኅበርተኞቿና የቡና ጎረቤቶቿ ናቸው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ እዚያ ብዙ አታገኙም። ንፍሮ የሚቀቀልበት ጓሮ ግቡ። ሴቶቹ እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ይፈታል። እኔ ደብተር ይዤ ድንች እየላጥኩ ነው የሰማሁት። አንዲት ጎረቤቷ ለቅሶ ላይ ያወረደቻትን ሙሾም እዚያው አስደገምኳትና ጻፍኩት፦

ድፎው ተደፍቶልሽ፣ ጠላው ተጠምቆልሽ፣
እንግዳው መጥቷል ተነሽ፣ ማን ይቀበልልሽ?

ካህናቱ ሙሾ ብዙ አይወዱም። እኔም ደረት መምታቱን አልደግፍም። ግን በሁለት መስመር እማማን ከእኔ አንድ ገጽ ተኩል በላይ ገልጻታለች፤ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ገጽ የእሷ ነው።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ እማማ በሕይወት ሳለች ቡና ላይ በስልኳ ትቀርጻት ነበር። ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ በግልጽ አስቀምጣ፣ አስፈቅዳ። እማማ ድምጿን መልሳ ስትሰማ «ይቺ አሮጊት ማናት?» ብላ ስቃለች። ደብቃችሁ አትቅረጹ፤ ያስቀይማልም፣ ድምፁም አይጠራም። «ሕይወትሽን ንገሪኝ» ብላችሁም አትጠይቁ፤ «ምን ሕይወት አለኝ» ብላ ትዘጋችኋለች። ውኃ ከየት ትቀጂ ነበር? ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ያየሽው የት ነው? ሠርግሽ ቀን ምን አለበሱሽ? ማን ነው ክርስትና ያነሳሽ? ከአባባ ጋር መጀመሪያ የተጣላችሁት በምን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን አንድ ሙሉ ቡና ይወስዳል።

ንባቡን አጭር አድርጉት። ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው፣ አብዛኛው ሽማግሌ ነው፣ ብርዱም አለ። አንድ ገጽ ተኩል በቂ ነው። የሚያነበው ልጇ አይሁን፤ ያለቅሳል፣ ይቆማል፣ ሰውም የሰማውን ይረሳል። ለእኛ ያነበበልን የአጎቴ ጓደኛ መምህር ነው። ቀድሞ እንዲለማመደው ሰጥተነው ነበር፤ የቦታ ስም እንዳይሳሳት።

ስለ ተዝካሩም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ነውና። አርባዋ የዋለው በነቢያት ጾም ነው። «ጾም ካልሆነ በሬ ይታረድ ነበር፤ ለሰማንያዋ እንጣል» የሚል ሐሳብ መጣ። ለበሬ ብር መበደር ሊጀመርም ነበር። እማማ ግን ለነፍስ አባቷ ነግራ ነበር፦ ለአብነት ተማሪዎችና ለየኔ ቢጤዎች ይበቃል፣ ልጆቼ ዕዳ እንዳይገቡ። እናዘጋጅ ያልነው ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮና ምስር ወጥ፣ ጠላ ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ተማሪዎቹ በሉ፣ ለመንገዳቸውም በሶ ተሰጣቸው። ጥቂት ዘመዶች አኩርፈው ሄዱ። ይሄዳሉ፤ ታድያ ምን ይደረጋል? ያረፈችው ሰው ቃል እያለ የቀሪው ኩርፊያ አያስጨንቅም። ግን ቃሉ መኖር አለበት። ቢቻል ካህን ባለበት፣ ከልጆቿ ሁለቱ በሰሙበት ትናገረው። አለዚያ «እናቴ እንዲህ ብላኛለች» የሚል ስድስት ሰው ይነሳል።

የመንዝ ዘመዶች ለቀብሩ አልደረሱም፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን አያስተማምንም ነበር። በስልክ ነው ያለቀሱት። ለአርባው የመጡት ግን የእማማን ታናሽ እህት ይዘው መጡ። ደብተሩን አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ሁለት እርማት ሰጡን። የመጀመሪያው፣ በቅሎዋ የአባቷ ሳትሆን የተዋሱት ናት፤ ስትመለስ ደግሞ ጓሳ ላይ አምልጣ ጠፍታ ሦስት ቀን ተፈልጋለች። ይህን ወዲያው ጨመርነው። ሁለተኛው በትውልድ ዘመኗ ላይ ነው። «በ1930 አይደለም፣ መነኮሳቱ ሲያልቁ እሷ ትድኽ ነበር» አሉ። እኛ ደግሞ እማማ ራሷ የተናገረችው በድምፅ አለን። አሰማናቸው። እማማ ስልኩ ውስጥ ሆና «በዓመቱ» ስትል እህቷ «ሁልጊዜም ዕድሜዋን ትቀንስ ነበር!» ብለው አጨበጨቡ። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ተጽፏል፤ የእህቷም ክርክር ከነስማቸው አለበት። ለሙት ዓመቷ ሲመጡ ደግሞ ማስረጃ አመጣለሁ ብለዋል።